ያውቁ ኖሯል? ሁለተኛ ኮር ሲጨመር ኮምፒውተር ምን ያገኛል?

ኮምፒውተሩ ይጎትታል፤ ሁለት ሦስት ፕሮግራም ሲከፈትበት ደግሞ ጭራሽ ሀንግ ያደርጋል። ባለቤቱ ቶሎ የሚሰማው ምክር «ፕሮሰሰሩ ደካማ ስለሆነ ከፍ ያለ ይግዙ» የሚል ነው። ምክሩ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ገንዘብ በከንቱ የሚያስወጣበት ጊዜም አለ። ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ነጥቦች እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮር፣ ማለትም ትእዛዝ የሚፈጽም ክፍል፣ አንድ ብቻ ያለው ፕሮሰሰር ሁለት ፕሮግራሞችን በአንድ ቅጽበት ሠርቶ እንደማያውቅ ያውቁ ኖሯል? ሙዚቃው እየተሰማ፣ ፋይሉ እየተገለበጠ፣ እርስዎም እየጻፉ ሁሉም አብሮ የሚሄድ የሚመስለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ጥቂት ሚሊሰከንድ እየሰጠ ስለሚያፈራርቃቸው ነው። ፈረቃው በጣም ፈጣን ስለሆነ አይታወቀንም።

ይህ የማፈራረቅ ዘዴ ከግል ኮምፒውተር በዕድሜ ይበልጣል። በ1961 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው አንድን ትልቅ ኮምፒውተር የተለያዩ ሰዎች በየተርሚናላቸው ተቀምጠው በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙበት አሳዩ። ኮርባቶ በ1990 የቱሪንግ ሽልማት የተሰጣቸው በዚሁ ዘርፍ ባበረከቱት ሥራ ነው።

በዊንዶውስ 3.1 ዘመን ተራው የሚያልፈው ፕሮግራሙ ራሱ ሲለቅ ብቻ ነበር። አንዱ አለቅም ካለ ሁሉም ይቆማል። ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ለባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ተራ ሰጪውም ነጣቂውም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሆነ። ማኪንቶሽ እዚህ ደረጃ የደረሰው በ2001፣ በኦኤስ ኤክስ ነው።

በሰከንድ አምስት ፊደል የሚመታ ፈጣን ጸሐፊ በአንዱ ፊደልና በሚቀጥለው መካከል 2 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰርን ስንት ዑደት እንደሚያስጠብቀው ያውቁ ኖሯል? 400 ሚሊዮን። ሥራቸው ደብዳቤ መጻፍና ኢሜይል መላክ ብቻ የሆነ ሰዎች ስለ ኮር ብዛት ባይጨነቁ ምንም አይቀርባቸውም።

ሁለት ኮር ወደ ዴስክቶፕ የመጣው ሰው ብዙ ፕሮግራም መክፈት ስለፈለገ ብቻ እንዳልሆነስ? ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። የአንዱን ኮር ፍጥነት ለመጨመር ቮልቴጁንም ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን የሚበላው ኃይል ደግሞ አራት እጥፍ ነው። ኢንቴል ፔንቲየም 4ን በ2004 መጨረሻ 3.8 ጊጋኸርትዝ ላይ ካደረሰው በኋላ ከዚያ አላለፈም። ቴጃስ የሚል ስም የተሰጠውን ተከታይ ፕሮሰሰር በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ሰርዞ ነበር፤ ኦክቶበር ላይ ደግሞ ቃል የገባውን ባለ 4 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም ተወው። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ፉክክሩ አንዱን ኮር ከማፍጠን ኮር ወደማብዛት ዞረ።

አንድ ቺፕ ላይ ሁለት ኮር ይዞ ለገበያ በመቅረብ የአይቢኤም ፓወር4 ቀዳሚ ነው፤ በ2001። እሱ ግን የትልልቅ ሰርቨሮች ፕሮሰሰር ነበር። ለዴስክቶፕ የተሠሩት የኢንቴል ፔንቲየም ዲ እና የኤኤምዲ አትሎን 64 ኤክስ2 በ2005 ሜይ መጨረሻ ላይ ተከታትለው ወጡ። በወቅቱ የአምራቾቹ የጅምላ ዋጋ ለዝቅተኛው ፔንቲየም ዲ 241 ዶላር፣ ለዝቅተኛው ኤክስ2 ደግሞ 537 ዶላር ነበር።

የዋጋው ልዩነት ያለምክንያት አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየም ዲዎች ሁለት ኮሮቻቸው አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው ሳለ፣ መረጃ ለመለዋወጥ ከቺፑ ወጥተው በማዘርቦርዱ የጋራ መስመር መዞር ነበረባቸው። የኤክስ2 ኮሮች ግን እዚያው ቺፑ ውስጥ ይገናኙ ነበር። የሁለቱም ካርቶን ላይ የተጻፈው «ዱዋል ኮር» ነው።

ሶኬቱ ገጠመ ማለት ፕሮሰሰሩ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ፔንቲየም ዲ ከቀደሙት ፔንቲየም 4ዎች ጋር አንድ ዓይነት ሶኬት ላይ፣ 775 ላይ ይቀመጣል። ሆኖም የኢንቴል 915 እና 925 ቺፕሴት ያላቸው ማዘርቦርዶች አይቀበሉትም ነበር፤ 945 ወይም 955 ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ «ፕሮሰሰር ብቻ እቀይራለሁ» ያለ ሰው ማዘርቦርድም ገዛ። ባለ 939 ሶኬት የኤኤምዲ ቦርድ የነበራቸው ግን ብዙዎቹ ባዮሱን አድሰው ብቻ ወደ ሁለት ኮር ተሻገሩ። ዛሬም የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ለመቀየር ያሰበ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት የማዘርቦርዱን ሞዴልና አምራቹ የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ብሎ ያወጣውን ዝርዝር ነው።

ዊንዶውስ 98 ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ኮር ቢገባ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ሲስተሙ ከአንድ በላይ ማዘዝ አያውቅም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ሆም ግን «ለአንድ ፕሮሰሰር» ቢባልም ቆጠራው በሶኬት ስለነበር ሁለቱንም ኮር ያሠራል።

አዲሱ ባለ ሁለት ኮር ከአሮጌው ባለ አንድ ኮር ሊዘገይ እንደሚችልስ? ዝቅተኛው ፔንቲየም ዲ እያንዳንዱ ኮሩ 2.8 ጊጋኸርትዝ ነበር። 3.8 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም 4 የነበረው ሰው ወደዚያ ቢሻገር፣ በአንድ ኮር ብቻ የሚሠሩት የዚያን ዘመን ፕሮግራሞች ይዘገዩበታል። የኮሮቹ ውስጣዊ አሠራር ተመሳሳይ ስለነበር የጊጋኸርትዙ ልዩነት በቀጥታ ይታያል።

ሥራ ለሁለት ሲከፈል ጊዜው በግማሽ እንደማይቀንስ የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል በ1967 አስቀምጠውታል። ስሌቱ ቀላል ነው። አሥር ደቂቃ ከሚፈጅ ሥራ ግማሹ ብቻ የሚከፋፈል ከሆነ በሁለት ኮር ሰባት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ከአሥሩ ዘጠኝ እጁ የሚከፋፈል ከሆነ አምስት ደቂቃ ተኩል። ቪዲዮ ወደ ሌላ ፎርማት መቀየርና የሦስት አውታር ምስል ማውጣት ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ስለሚጠጉ ሁለተኛው ኮር እነሱ ላይ ዋጋውን ያወጣል። የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ባለሙያ ኮር ቢጨምር በየቀኑ ያየዋል።

ታዲያ ለተራው ተጠቃሚ የሁለተኛው ኮር ትልቁ ጥቅም የት ላይ ነው? ከፍጥነቱ ይልቅ ኮምፒውተሩ መታዘዙ ላይ ይመስለኛል። አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ ማብቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባና ፕሮሰሰሩን መቶ በመቶ ይይዛል። ባለ አንድ ኮር ኮምፒውተር ላይ የማውሱ ቀስት ይንቀጠቀጣል፤ የጫኑት መስኮት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ፕሮግራሙን ለመዝጋት የሚያስፈልገው ታስክ ማናጀር ራሱ ተራ ሲጠብቅ ደቂቃ ያልፋል፤ በመጨረሻም ሰው ተስፋ ቆርጦ የኃይል ቁልፉን ይጫናል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍም ይጠፋል። ሁለት ኮር ሲኖር የተበላሸው ፕሮግራም አንዱን ኮር ቢይዝም ሌላው ነጻ ነው። ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ ጥፋተኛው ይዘጋል፣ ሌላው ሥራ ይቀጥላል። ጸረ ቫይረሱ ከጀርባ ሲፈትሽም ሆነ ትልቅ ፎልደር ዚፕ ሲደረግ እንዲሁ ነው። ከአንድ ወደ ሁለት ኮር መሻገር ከሁለት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ስምንት ከመሻገር ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለ ሁለት ኮር ኮምፒውተር ላይ ታስክ ማናጀር ለሲፒዩ 50 በመቶ የሚል ቁጥር ሲያሳይዎት «ገና ግማሹ ይቀረዋል» ብለው አይደምድሙ። አንዱ ኮር እስከ ጥግ ሞልቶ ሌላው ሥራ ፈትቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጠብቁት ፕሮግራም ካለው አቅም በላይ አይሄድም። አራት ኮር ባለው ፕሮሰሰር ላይ ይኸው ምልክት 25 በመቶ ሆኖ ይታያል።

ዊንዶውስ ሁለት ፕሮሰሰር ቆጥሮ ውስጡ ግን አንድ ኮር ብቻ ሊኖር እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? ሃይፐር ትሬዲንግ ይህን ያደርጋል። ኢንቴል በ2002 ይዞት ወደ ዴስክቶፕ ሲመጣ፣ አንዱ ኮር ሥራ የሚፈታባቸውን ክፍተቶች በሁለተኛ ሥራ እንዲሞላ ታስቦ ነበር። ራሱ ኢንቴል ያስታወቀው ጭማሪ እስከ 30 በመቶ ነው። ከእውነተኛ ሁለተኛ ኮር ጋር መምታታት የለበትም።

በጊጋኸርትዝ ብቻ ያወዳደረ ሰው በ2006 ተሳስቷል። በዚያ ዓመት ጁላይ የወጣው ኮር 2 ዱዎ ኢ6600 በ2.4 ጊጋኸርትዝ እየሠራ 3.2 ጊጋኸርትዝ የነበረውን ፔንቲየም ዲ 840 በግልጽ በለጠው፤ የሙቀት መጠኑ ደግሞ ግማሽ ነበር፣ 65 ዋት ለ130። ሁለቱም ባለ ሁለት ኮር ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ እንምጣ። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አንዲት ቁራጭ መረጃ ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ያውቁ ኖሯል? አንባቢው ክንድ ትክክለኛው ቦታ እስኪደርስ በአማካይ ወደ 12 ሚሊሰከንድ፣ ዲስኩ ዞሮ መረጃውን ከሥሩ እስኪያመጣ ደግሞ ግማሽ ዙር፣ 5.6 ሚሊሰከንድ። በድምሩ ወደ 18 ገደማ። በዚህ ጊዜ ውስጥ 2 ጊጋኸርትዝ የሆነ አንድ ኮር 35 ሚሊዮን ዑደት ያልፈዋል። ዲስኩ በዚህ አካሄድ በሰከንድ ሊያስተናግድ የሚችለው ስልሳ የማይሞላ ጥያቄ ነው። ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሲከፈት ክንዱ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል፤ ሁለቱም ይዘገያሉ። ሁለት ጋጋሪ ቢቀጠርም ምጣዱ አንድ ከሆነ የሚወጣው እንጀራ አይጨምርም። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ክንድ ስለሌለው ያንኑ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያመጣል። አሮጌ ኮር 2 ዱዎ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ ማስገባት የሚያመጣው ለውጥ፣ ፕሮሰሰር መቀየር ከሚያመጣው ይልቅ በአብዛኛው ሰው የዕለት ሥራ ላይ ይታያል።

ራም ሲሞላ ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በወቅቱ የማይፈለገውን መረጃ ወደ ዲስክ ያወጣዋል፤ ወደዚያ ፕሮግራም ሲመለሱ ከዲስክ ያመጣዋል። ከብራውዘር ወደ ኤክሴል በተሻገሩ ቁጥር የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ የሚበራ ከሆነ የሚያዩት ይህንን ነው። እዚህ ላይ ኮር ቢጨመር የሚጠባበቅ ኮር ከመጨመር አያልፍም።

ምርመራው ነጻ ነው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑና ፐርፎርማንስ የሚለውን ይክፈቱ። ከዚያ ኮምፒውተሩ በሚጎትትበት ሰዓት የሚሠሩትን ያንኑ ሥራ ይሥሩ፤ ያንኑ ብራውዘር፣ ያንኑ የሒሳብ ፋይል፣ ያንኑ ቪዲዮ። ሲፒዩ የሚለው 100 አጠገብ ቆይቶ ዲስኩና ሜሞሪው ከተረጋጉ፣ ኮር መጨመር ይጠቅማል። ሜሞሪው ከ90 በላይ ወጥቶ ዲስኩ አብሮት ከተጨናነቀ፣ የሚያስፈልገው ራም ነው። ዲስኩ 100 ላይ ተጣብቆ ሲፒዩው 10 ወይም 15 ላይ ከሆነ መልሱ ኤስኤስዲ ነው። በሲፒዩ ግራፉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው በየሎጂካል ፕሮሰሰሩ እንዲከፋፈል ቢያዙት ደግሞ አንዱ ብቻ ሞልቶ ሌሎቹ ባዶ መሆናቸውን ሊያዩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው ብዙ ኮር ሳይሆን ፈጣን ኮር ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ማንም ሰው ይህን ሳያይ ላቡን ያፈሰሰበትን ገንዘብ ባያወጣ እወዳለሁ።

ክሮም በ2008 ሲወጣ ታቦችን በተለያዩ ፕሮሰሶች እንደከፋፈለ፣ ፋየርፎክስም በ2016 ወደዚሁ አሠራር መሻገር እንደጀመረ ያውቁ ኖሯል? አንዱ ታብ ሲበላሽ ሌሎቹ ይተርፋሉ፤ ሥራውም በኮሮቹ መካከል ይከፋፈላል። ዋጋው ግን ራም ነው። 4 ጊጋ ራም ይዞ ብዙ ታብ መክፈት የሚወድ ሰው ችግሩ ከኮር ይልቅ እዚያ ይሆናል።

በ2005 አንዳንድ ጨዋታዎች አትሎን ኤክስ2 ላይ መዝለልና ከልክ በላይ መፍጠን ጀመሩ። ሁለቱ ኮሮች የየራሳቸው የጊዜ ቆጣሪ ነበራቸው፤ ቆጣሪዎቹ ሲለያዩ ጨዋታው ሰዓቱ ይጠፋዋል። ኤኤምዲ ማስተካከያ ሶፍትዌር አውጥቶ አረመው።

«ወንድሜ፣ ኮር አይ ሰቨን ነው እኮ፣ ሰባት ኮር አለው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት አይመኑት። አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚሉት ስሞች ደረጃን እንጂ የኮር ብዛትን አይናገሩም። በ2016 የወጣው የላፕቶፕ አይ7-7500ዩ ያሉት ኮሮች ሁለት ናቸው። አይ5-7200ዩም ሁለት። በ2011 የወጣው የዴስክቶፕ አይ5-2400 ግን አራት ነበረው። ቁልፉ መጨረሻው ላይ ያለችው ፊደል ናት፤ ኢንቴል እስከ 7ኛ ጄኔሬሽን ድረስ ኃይል ቆጣቢ ብሎ በ«ዩ» የሰየማቸው የኮር አይ ፕሮሰሰሮች ባለ ሁለት ኮር ሲሆኑ፣ በ«ኤችኪው» የሚያልቁት አራት ኮር አላቸው። በ2017 በ8ኛ ጄኔሬሽን እነ አይ5-8250ዩ ሲመጡ ነው የ«ዩ» ወገን አራት ኮር ያገኘው። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው እጅ ላፕቶፕ የሚያስመጣ ሰው ለዘመዱ «አይ7 ይሁን» ብሎ ከመላክ ይልቅ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስቶ እንዲልክለት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰር መቀየር ብዙ ጊዜ እንደማይቻልስ ያውቁ ኖሯል? በኮር 2 ዱዎ ዘመን ብዙዎቹ ሶኬት ነበራቸው። ከ4ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉት የ«ዩ» ፕሮሰሰሮች ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። «ፕሮሰሰሩን አሳድግልዎታለሁ» ያለዎት ሰው ሙሉ ማዘርቦርድ ሊቀይር ይሆናልና ዋጋውን ከሌላ ላፕቶፕ ጋር ያወዳድሩ። ራም ሲጨምሩም ዓይነቱን ይጠይቁ፤ ዲዲአር3 ለዲዲአር4 ቦታ አይገጥምም።

ፋኑ በአቧራ የተደፈነ ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት ደህና ሆኖ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ መጎተት የሚጀምር ኮምፒውተር ካለዎት፣ ከምንም በፊት ያስጠርጉት፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው የደረቀ ፔስትም ይቀየር።

ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛ መስፈርት ሁለት ኮር፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ነው። ያም ሆኖ ማይክሮሶፍት ከኢንቴል ወገን በይፋ የተቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ያገለገለ የኢንቴል ላፕቶፕ ለመግዛት የተነሳ ሰው 7ኛና 8ኛ ጄኔሬሽን ቀርበውለት የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ፣ በስምንተኛው ብዙ ጊዜ አራት ኮርም አሁን የሚታደስ ዊንዶውስም ያገኛል።